«ሕገወጥ» የሆንኩት በየትኛው ቀን ነው? ለታናሽ እህቴስ ምን ልበላት?

የኮምቦልቻዋ (ክሩን የከፈተች) · ሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጭንቅ ሲሆንብኝ ጊዜ ላማክራችሁ ብዬ ነው።

ጅዳ አሥር ዓመት ኖሬ በ2014 ግንቦት ተመለስኩ። ሁለቱን ዓመት ገደማ በኮንትራት፣ የቀረውን ያለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ የ19 ዓመቷ ታናሽ እህቴ ልሂድ ብላ ተነስታለች። አንድ ደላላ «ኮንትራት ስትጠብቂ ዕድሜሽ ያልፋል፤ በባሕር ከሆነ በወር ውስጥ ጂዛን ነሽ፣ ብሩን ሠርተሽ ትከፍያለሽ» ብሏታል። እናታችን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ደግሞ አትሂጂ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። የቤታችን ቆርቆሮ የተመታው እኔ በላክሁት ብር ነው። እሷም እስከ 10ኛ ክፍል የተማረችው በዚያው ነው። «አንቺ ሄደሽ አይደል ያሳደግሽኝ?» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት?

ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ከተመላሾች ወሬ ተነሳ። አንድ የማከብራቸው ሰው «እነዚያ ሕገወጦቹ» እያሉ ያወራሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቡና እየቀዳሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ሕገወጥ የሆንኩት በየትኛው ቀን ነው እያልኩ ስቆጥር አደርኩ። የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ሹፌሩ_ጅዳ · ሰኞ ማታ 4:05

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ቅር አይበልሽና ያለውን ልናገር።

እኔ ጅዳ 12 ዓመቴ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ ኢቃማዬ አንድም ቀን አልፎበት አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በየኬላው ሐበሻ መሆኔን ሲያዩ እኔን ነው ለብቻ የሚያወርዱኝ። ለምን? ያለ ወረቀት የገባው ወገናችን ስለበዛ። በሰው አገር እስካለን ድረስ የአገሩን ሕግ ማክበር ግድ ነው። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን ባለቤቱ ይወስናል፣ እኛም በአገራችን እንዲሁ ነን።

በ2006 የሆነውን አስታውሱ። ቀነ ገደቡ ጥቅምት 24 እንደሚያልቅ ሰባት ወር ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ድረስ ሲነገር ነበር። ብዙ ሰው ቀልድ መሰለው። ከዚያ ሪያድ ውስጥ መንፉሃ ላይ የደረሰው ደረሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሕገወጥ አትበሉ፣ ሰነድ አልባ በሉ የሚሉ አሉ። ሹርጣው (ፖሊሱ) መንገድ ላይ ሲያስቆምሽ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራሽ አይጠይቅም፣ ኢቃማ ነው የሚለው።

እህትሽ ትሂድ ካልሽ በኮንትራት ትሂድ። ሌላውን አታስቢው።

---

የኮምቦልቻዋ · ሰኞ ማታ 4:50

ወንድሜ፣ በኮንትራት ያልከው እኮ እኔም በኮንትራት ነው የሄድኩት። ልንገርህ።

በ2004 ሚያዝያ በኤጀንሲ፣ ቪዛዬ ፓስፖርቴ ላይ ተመትቶ፣ አሻራ ሰጥቼ ገባሁ። ደመወዝ 700 ሪያል። ፓስፖርቴን ኤርፖርት ላይ ተቀበሉኝ። ኢቃማዬን በእጄ የያዝኩት አንዴ ነው፣ ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ቤት ሲወስዱኝ። ማዳም ከመኝታዋ አጠገብ ካለው መሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ስንመለስ መኪና ውስጥ እጇን ዘረጋች፣ መለስኩላት። ደጉ ነገር ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ ቁጥሩን ሳነበንብ ስለነበር በቃሌ ያዝኩት።

የመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ ይከፍሉኝ ነበር። በኋላ ቆመ። ኩሽና ውስጥ የስኳር ዕቃ የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥን አለ፤ በሩን ከውስጥ በኩል በእርሳስ ጫር እያደረግሁ ወሩን እቆጥር ነበር። ዘጠኝ ጭረት ደረሰ። 6,300 ሪያል። በጠየቅሁ ቁጥር «ነገ፣ ኢንሻ አላህ» ነው መልሱ። በመጨረሻ የጠየቅሁ ዕለት ግን ስልኬን ወሰዱብኝ።

በጥር 2006 አንድ ማታ ቆሻሻ ልጥል ወጣሁና በዚያው ሄድኩ። በእግሬ የቤት ሸበጥ ነበር። በሳምንቱ ያስጠጋችኝ ሱዳናዊት ባሏ ቁጥሬን በስልኩ አስገብቶ አየልኝና «ሁሩብ ይላል» አለኝ። ከፊሉ (ቪዛዬ በስሙ የታሰረበት አሠሪ) ሠራተኛዬ ጠፍታለች ብሎ አስመዝግቦብኛል ማለት ነው። ያ ሰው የዘጠኝ ወር ላቤን በልቶ ማንም ለምን አላለውም። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ማዕዘን ማዕዘኑን እየሰለልኩ የምሄድ ሰው ሆንኩ። ስምንት ዓመት።

እና ቀኑ የትኛው ነው? የሸሸሁበት ማታ? እሱ ስልኩን ከፍቶ ያስመዘገበበት? ወይስ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይከፈለኝ የቀረበት ወር? እውነት ብላችሁ መልሱልኝ።

---

ከወረዳ_የነበርኩ · ማክሰኞ ጠዋት 2:15

ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልናገር፣ ረዘም ቢል ታገሡኝ።

የጅዳው ወንድማችን ስለ 2006 ያነሳው ልክ ነው። በዚያው ጥቅምት ግን እኛም በበኩላችን አንድ ነገር አድርገናል። መንግሥት ወደ ውጭ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት አገደ። በአረብ አገር በልጆቻችን ላይ ስለሚደርሰው በደልና ሞት የሚሰማው ሲበዛ ሁሉም ደነገጠ (ከሳዑዲ ከ160,000 የሚበልጥ ሰው ተጭኖ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ወራት ነው)፣ እገዳውም ከድንጋጤ የመጣ ነበር። በቅን ልብ የተወሰነ ይመስለኛል። እኔም ያኔ ደግፌዋለሁ።

የሆነው ግን ይህ ነው። ከእገዳው በፊት ማክሰኞና ሐሙስ ደጃችን ላይ ውል ለማስጨረስ የሚሰለፉ ልጃገረዶች ነበሩ። ማን የት እንደምትሄድ፣ በየትኛው ኤጀንሲ፣ የተጠሪዋ ስም ማን እንደሆነ መዝገብ ላይ አለ። እገዳው ሲመጣ ሰልፉ ጠፋ። ልጆቹ ግን መሄዳቸውን አልተዉም። በሎጊያ አድርገው ጋላፊን አልፈው ጅቡቲ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። አባት መጥቶ «ልጄ የት ደረሰች?» ሲለኝ የምገልጠው መዝገብ አጣሁ። ከሥራው የለቀቅሁት በዚያ ነው ብል ሐሰት አይሆንም።

እገዳው እስከ ጥር 2010 ቆየ። ሲነሳ መንገዱ ተለምዷል፣ ደላላውም ሥር ሰዷል። በአውሮፓውያን 2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰው የመን ባሕር ዳርቻ መድረሱን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል፣ ከአሥሩ ዘጠኙ የእኛ ልጆች ናቸው። የመን ያን ጊዜ አራት ዓመት ያለፈው ጦርነት ውስጥ ነበረች። ጦርነት እያየ የሚገባን ሰው «አትሂድ» የሚል ወረቀት ይመልሰዋል ብሎ ማሰብ አሁን ሳስበው ይከብደኛል።

ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ 923/2008 ጥሩ አዋጅ ነው። ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱን አሠሪው ይከፍላል ይላል። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሐኪም ምርመራና ለመሳሰለው ብቻ ነው። ሲወጣ ኤጀንሲው 100,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ደንግጎ ነበር፣ የሠራተኛዋ መብት ሲጣስ ከዚያ እንዲከፈል። ስንት ሰው ይህን ያውቃል? ደላላው ግን ሕጉ የሌለ ያህል ከገጠር ልጅ ላይ ብር ይቀበላል። ሥልጠና ወስዶ፣ ምዘና አልፎ፣ ወረፋ ጠብቆ መሄድ ወራት ሲፈጅ ደላላው «ነገ ማታ መኪና አለ» ይላል። ውድድሩ እዚህ ላይ ነው የተበለጥነው።

---

የራያ_አባት · ማክሰኞ 6:40

የምጽፈው እኔ አይደለሁም፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

ልጄ በ2014 ከቆቦ ወጣ። ሳይነግረኝ ነው የሄደ። የመን ላይ ሆሽ (ደላሎች ሰው የሚያግቱበት ግቢ) ውስጥ አስገብተው እየደበደቡ በስልክ አሰሙን። ሁለት በሬ ሸጥን፣ የእናቱን ወርቅ ሸጥን፣ ላክን። ተለቀቀ። ሰዓዳ ደርሻለሁ አባዬ፣ ድንበሩ ቅርብ ነው ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ልጄ፣ እህትሽ በባሕር አትሂድ። ሌላ የምለው የለኝም።

---

ሰሚራ_ዐ · ማክሰኞ 7:10

አባባ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ። ምን ይባላል።

ድንበሩ ላይ ስለሚሆነው ላልሰሙ፦ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ጽፏል። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ባሕሩም ያው ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 የመን ውስጥ አብያን አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ 150 ገደማ ሰው ጭና ነበር፣ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች።

---

ፍየል_ጠባቂ · ማክሰኞ ማታ 5:55

እኔ በባሕር የመጣሁ ነኝ። አሁንም ከሪያድ ራቅ ያለ በረሃ ላይ ነው ያለሁት። ኔትወርክ የማገኘው ጉብታው ላይ ስወጣ ነው።

ደላላው ሠርተሽ ትከፍያለሽ ያላትን እኔንም እንዲሁ ነበር ያለኝ። የመን ዳርቻ ራስ አል ዓራ ስንወርድ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ። የሌላቸውን ከእኛ ለዩአቸው። ሴቶቹን ለብቻ ወሰዱ። ይህን ለእህትሽ እንዳለ ንገሪያት፣ አትሸፍኝላት።

ከፊሉ 1,000 ሪያል ይለኛል፣ አንዳንድ ወር ይሰጠኛል አንዳንድ ወር ይዘላል። የት እከሰዋለሁ? ብር የምልከው ኢቃማ ባለው ሰው ስም ነው፣ እሱም ይቆርጣል። ሲያመኝ የመኪና ሹፌር ሲመጣ መድኃኒት አስገዛለሁ። ልውጣ ብል ደግሞ የምሄደው ተርሂል (የተባራሪዎች ማቆያ እስር ቤት) ነው። ዕዳው ስላላለቀ ባዶ እጄን መመለስ አልችልም። አባቴ መሬቱን አስይዞ ነው የላከኝ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ ንጋት 11:30

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ክርክሩ እዚህም አንድ ነው፣ ቃሉ ብቻ ይለያያል። በአውሮፓውያን 1986 የወጣው ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ወረቀት ሰጥቷል። ያን ያህል ሰፊ ሕግ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ግማሹ «ምሕረት ሌላውን ይጠራል» ይላል፣ ግማሹ «ሥራውን የሚሠሩት እነሱ፣ ግብሩን የሚከፍሉት እነሱ» ይላል።

አንድ ልዩነት ግን ልብ በሉ። እዚህ ወረቀት የሌለው ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከ1982 ጀምሮ ይህን ይከለክል ዘንድ ለማንም ክፍለ ግዛት አይፈቅድም። የሠራበትን ደመወዝ የተከለከለ ሰውም ወረቀት ባይኖረው እንኳ መጠየቅ ይችላል። በተግባር ይፈራል፣ በተለይ አሁን አሁን። ግን ሕጉ ላይ ደመወዝህ ደመወዝህ ነው። የኮምቦልቻዋ ያነሳችው ጥያቄ እኔን የነካኝ እዚህ ላይ ነው። ወረቀትና የላብ ዋጋ ለምን አንድ ላይ ይታሰራሉ?

---

ሹፌሩ_ጅዳ · ረቡዕ ማታ 3:35

ሁሉንም አነበብኩ። የራያው አባታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ሁሩብን አውቀዋለሁ፣ ግን ስለሸሸ ሰው እንጂ ስለተበላ ደመወዝ አስቤው አላውቅም። ይህን አምናለሁ።

ምሕረት ላይ ግን አልስማማም። መጋቢት 2009 ላይ 90 ቀን ተሰጠ፣ ያለ ቅጣት ውጡ ተባለ። አብረውኝ የነበሩ ልጆች «ይራዘማል» ብለው ተቀመጡ። እውነትም ተራዘመ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ ሌላ ምሕረት እየጠበቀ ኖረ። ሰውን በተስፋ ማኖር ደግሞ ደግነት አይመስለኝም። መንግሥት የሚለውን አንዴ ብሎ ይጽና።

---

ከወረዳ_የነበርኩ · ረቡዕ ማታ 4:20

ምሕረት ስንል ምኑን እንደሆነ እንለይ። ሳዑዲ በ2005 ያወጀችው አዲስ ከፊል ያገኘ ሰው ወረቀቱን እዚያው እንዲያስተካክል ይፈቅድ ነበር፣ ብዙ ሰውም ተጠቅሞበታል። የ2009ኙ በዋናነት የመውጫ በር ነው። ኢማራት በ2016 መጨረሻ ጀምራ አራት ወር ያቆየችው ደግሞ ሁለቱንም ይዟል፤ የፈለገ ይውጣ፣ ሥራ ያገኘ ወረቀቱን ያስተካክል። ዕዳ ያለበት ሰው «ውጣ» ሲባል አይወጣም፣ ፍየል ጠባቂው ወንድማችን ነግሮናል። «ሠርተህ አስተካክል» ሲባል ግን መጀመሪያ የሚሰለፈው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ወንድሜ። በ12 ዓመት ውስጥ አሠሪ ለውጠህ ታውቃለህ?

---

ሹፌሩ_ጅዳ · ረቡዕ ማታ 4:31

አዎ፣ በ2014 ነው የለወጥኩት። የቀድሞው ድርጅት ትርፍ ሰዓት አይከፍልም ነበር። ዓመት ስለሞላኝ በስልክ ጠይቄ ተዛወርኩ። ለምን?

---

ከወረዳ_የነበርኩ · ረቡዕ ማታ 4:48

በመጋቢት 2013 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሥራ ሕግ ማሻሻያ ነው ያን በር የከፈተልህ። ዓመት የሞላው ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መለወጥ ይችላል ይላል። የቤት ሠራተኛን፣ እረኛን፣ አትክልተኛን፣ የቤት ሹፌርን ግን ለይቶ አስቀርቷል። አንተ የድርጅት ሹፌር ስለሆንክ ገባህ። የሰው ቤት ሹፌር ብትሆን ኖሮ ያን ትርፍ ሰዓት ወይ ትተወዋለህ ወይ ጥለህ ትወጣለህ፣ ጥለህ ስትወጣ ሁሩብ ነህ።

የኮምቦልቻዋ ለጠየቀችው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። እሷ የሄደችበት ቪዛ ከአንድ ሰው ስም ጋር የታሰረ ነው። ያ ሰው ሲያብል ወረቀቷ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ከአገሮቹ ጋር ስንዋዋል ከደመወዙ ቁጥር እኩል ይህን መከራከር ነበረብን፦ ሠራተኛዋ ከአንዱ ቤት ወጥታ ወደ ሌላው ስትገባ ወረቀቷ አብሯት ይሂድ። ኳታር ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለቤት ሠራተኞችም ይህን ፈቅዳለች። በተግባር የሚያስቸግሩ አሠሪዎች አሉ፣ ሕጉ ግን ተጽፏል። ስለዚህ አይቻልም የሚባል አይደለም።

---

ሹፌሩ_ጅዳ · ረቡዕ ማታ 5:26

ቆይቼ ነው የምመልሰው፣ ስለከበደኝ። አልዋሽም፣ ያን ዕለት ድርጅት ስለውጥ ሻይ እየጠጣሁ ነው በስልኬ የጨረስኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የኮምቦልቻዋ ለዚያው ነገር ስምንት ዓመት ተደብቃለች።

ድንበር ጥሶ ስለሚገባው አሁንም ሐሳቤ ያው ነው። እህቴ ግን አንቺን ከ«ሕገወጥ» መቁጠሬን አንሥቻለሁ።

---

የኮምቦልቻዋ · ሐሙስ ማታ 3:10

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ወንድሜ፣ አንተንም ጭምር። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ትናንት ማታ እህቴን አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የራያው አባታችን ጋ ስደርስ እናቴ «በቃ፣ በቃ» አለች። ፍየል ጠባቂው የጻፈውን እህቴ ራሷ ስልኩን ተቀብላ ደግማ አነበበችው። «ሴቶቹን ለብቻ ወሰዱ» የሚለው ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ወጣች።

ዛሬ ጠዋት የደላላውን ቁጥር ዘግታዋለች። ልሂድ ማለቷን ግን አልተወችም። ሥልጠና ልመዝገብ ብላ ሄዳ የሚጠይቁትን ጽፋ መጣች። እኔም ከልቤ አትሂጂ አላልኳትም። እዚህ ያለውን ሥራ ታውቁታላችሁ። አሁን የምፈልገው እኔ ያላወቅሁትን አውቃ እንድትሄድ ነው። ስልኩን እሷው ልትጽፍበት ነው፣ አንድ የምትጠይቀው አለ።

---

የኮምቦልቻዋ · ሐሙስ ማታ 3:24

ሰላም፣ ታናሽ እህቷ ነኝ። ስልኬን ቢወስዱብኝ፣ ኢቃማውንም መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡት ምን ይዤ ነው የምቀረው? እህቴ ቁጥሩን በቃልሽ ያዢ ብላኛለች። ሌላስ?

---

ከወረዳ_የነበርኩ · ሐሙስ ማታ 3:52

ጎበዝ ልጅ። ውልሽን ሳትሄጂ እህትሽ ስልክ ላይ ፎቶ አንሺው፣ ፓስፖርትሽንም፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ የያዘውን ገጽም። ለሳዑዲ ከሆነ ውሉ ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ቅጥር ሥርዓት መመዝገቡን ኤጀንሲውን ጠይቂና አሳዩኝ በይ። አረብኛ ብቻ የሆነ ወረቀት ላይ ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ለኤጀንሲ የምትከፍዪው ነገር ካለ ያለ ደረሰኝ አንዲት ብር አትስጪ። ደመወዝ በራስሽ ስም ባንክ እንዲገባ ጠይቂ፣ በእጅ ከሰጡሽ ግን ቀኑን ጻፊ። የእህትሽ የእርሳስ ጭረት ቀን ባይኖረውም ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ወር ካለፈ ሦስተኛውን አትጠብቂ፣ የዚያኑ ሳምንት ለእህትሽ ተናገሪ፣ እሷ ኤጀንሲው በር ላይ ትቁም።

---

ሹፌሩ_ጅዳ · ሐሙስ ማታ 4:15

እህቴ፣ ጅዳ ከደረሰሽ ቁጥሬን ለእህትሽ በውስጥ መልእክት ልኬላታለሁ። ሁለት ቁጥር ነው። ሁለተኛው የባለቤቴ ነው፣ እሷ ሌሊትም ታነሳለች። መጨረሻው 44 የሚለውን ያዢ፣ ለመያዝ ይቀላል። ዛሬ ማታ አስር ጊዜ ጻፊው።

---

የኮምቦልቻዋ · ሐሙስ ማታ 4:40

እየጻፈችው ነው።